የሁለቱ ኤልፎች ሽምግልና

ሸዋ ሮቢት ውስጥ እሑድ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ? ምንም አይሠራም። ፀሐይዋ ብቻ ናት ሥራ ላይ ያለችው። ባጃጆቹ ጥላ ፈልገው ይደረደራሉ፣ ሾፌሮቹ እግራቸውን መሪው ላይ ሰቅለው ያንቀላፋሉ፣ ወደ ደሴ የሚያልፈው አውቶብስ እንኳ ሲቆም ተሳፋሪው ማንጎውን በመስኮት ነው የሚገዛው፤ የሚወርድ የለም። ታዲያ በእንዲህ ያለ ሰዓት አራት ጎልማሶች አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ሲከራከሩ ከተሰማ ከተማው ዝም ብሎ ያልፋል? አያልፍም። መጀመሪያ ቁማር ነው ተባለ። ቀጥሎ ዕቁብ ነው ተባለ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ግራ ቀኝ አይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የምታደራጁት ነገር አለ እንዴ ስትል ጠይቃኛለች።

የለም። የምንጫወተው ኤልፍ ነው።

ኤልፍ ምንድን ነው አላችሁ? አትፈሩ፣ ይህን ጥያቄ ጠመንጃ ለያዙ ሰዎች ጭምር መልሻለሁ፤ ቆይቼ እደርስበታለሁ። ለጊዜው ኤልፍ ማለት ፈረንጆች በተረታቸው የፈጠሩት፣ ሰው የሚመስል ግን ሰው ያልሆነ ፍጡር ነው በሉ። ጆሮው ሹል ነው። ቀስት ሲወረውር አይስትም። ሰው በሚያረጅበት ዕድሜ እሱ ገና ጎረምሳ ነው። እንዲህ ያለ ፍጡር ሆናችሁ የምትጫወቱት ጨዋታ አለ። ጠረጴዛ ዙሪያ ትቀመጣላችሁ። አንዱ አጫዋች ይሆንና ታሪክ ያወራል፤ «ዋሻ ደረሳችሁ፣ ከዋሻው ውስጥ የሆነ ነገር ያንኮራፋል» ይላል። ሌሎቹ ደግሞ «እኔ እገባለሁ»፣ «እኔ እዚህ ሆኜ ዕቃ እጠብቃለሁ» ይላሉ። ተሳካ አልተሳካ የሚለውን የሚወስነው ዕጣ ነው። ፈረንጆቹ ለዕጣው የሚወረወር፣ ሃያ ፊት ያለው ባለ ቁጥር ዳይስ አላቸው። ያ ዳይስ እኛ ጋ ከየት ይመጣል? የለስላሳ ቆርኪ ላይ ቁጥር ጽፈን ጣሳ ውስጥ ከተትን። ጣሳውን መነቅነቅ፣ ዓይን መጨፈን፣ አንድ ቆርኪ ማውጣት። የቁማሩ ወሬ መነሻ ይኸው ጣሳ ነው።

የምንጫወተው እትዬ አስካለ ግቢ ነው። እትዬ አስካለ ቁርስ ቤት አላቸው። ጠዋት ፉልና ፍርፍር የሚበላበት ግቢ እሑድ ከሰዓት ጭር ስለሚል ከማንጎው ዛፍ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ለእኛ ለቀውልናል። ምን እንደምንጫወት ጠይቀው አያውቁም። ከተቀመጥን ጭማቂ እንደምናዝ ያውቃሉ፣ ለእሳቸው ይህ በቂ ነው።

ተጫዋቾቹ ሦስት ናቸው፤ አጫዋቹ እኔ ነኝ። ተሾመ የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ ብርድ ውስጥ ነው ያደገው። ዋናው መንገድ ላይ ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ወደዚህ ከወረደ ዓመታት አልፈውታል፣ እስካሁን ግን «ዛሬስ ባሰበት» ሳይል ውሎ አያውቅም። ወይንሸት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሳቋ አጭር ነው፣ ምላሷ ረጅም። ሰይድ ደግሞ የአጣዬ ነጋዴ ነበር። ጥሩ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። አጣዬ የተቃጠለች ጊዜ ሱቁም አብሮ ተቃጠለና ቤተሰቡን ይዞ ወደዚህ መጣ። አሁን አስፋልቱ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ ቻርጀርና የሞባይል ከቨር ይሸጣል።

ስለዚያ ጊዜ አያወራም፣ እኔም አልጠይቅም። የተዋወቅነው ቻርጀር ልገዛ ሄጄ ነው። ትሑት፣ ጨዋ፣ ግን ፊቱ እንደተዘጋ ሱቅ የሆነ ሰው ነበር። ጨዋታ አለን፣ ና ብዬ ጎተትኩት። በመጀመሪያው እሑድ የእሱ ኤልፍ በጨለማ ሲሾልክ የተኛ ዘንዶ ጅራት ረገጠ፤ ያወጣው ቆርኪ ከቁጥሮቹ ሁሉ ትንሹ ነበር። ሰይድ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በማግሥቱ ሚስቱ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ ምን አጠጣችሁት? ትናንት ቤት ገብቶም ብቻውን ይስቅ ነበር አለችኝ። እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ያን ጠረጴዛ የማሰናዳው ለዚያ ሳቅ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጣጣው እንምጣ። ደንቡ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ መጽሐፉን በፍላሽ ጭኖ ሰጠኝ፤ ፕሪንት አስደርጌ ጠረዝኩት። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ ትርጉሙ በእኔ ላይ ወደቀ። ገና ከመጀመሪያው «ኤልፍ» የሚለው ላይ ተሰናከልን። ጂን እንበለው ብዬ ነበር። ሰይድ ሰማና፣ አዑዙ ቢላህ፣ እኔ ጂን ሆኜ ውዬ ቤቴ አልገባም አለ። መልአክ ብንለውስ ስል ደግሞ ተሾመ ተነሳ፤ መልአክ ከሽፍታ ጋር በዶሮ ወጥ ሲጣላ አይቼ አላውቅም አለ። ስለዚህ ኤልፉ እንደ ኤልፍነቱ ቀረ።

ቀጥሎ መጽሐፉ ሁለት ዓይነት ኤልፍ አለ ይላል። የአንደኛው ስም ቃል በቃል ቢመለስ «ከፍተኛ ኤልፍ» ይሆናል። ይህን ሳነብ ወይንሸት፣ ታዲያ ሌላኛው መካከለኛ ክሊኒክ ነው ወይ አለችኝ። ተውኩት። የሁለተኛው ስም ደግሞ «የጫካ ኤልፍ» ነው። ይህንንስ ማን ይጽፈዋል? በዚህ ዘመን፣ በዚህ መንገድ ላይ፣ «የጫካ» የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ኪስህ ይዘህ ኬላ ታልፋለህ? አሰብኩ፣ አሰብኩና ከፍ ያለ ቦታ የሚኖረው ደገኛ፣ ዝቅ ያለ ቦታ የሚኖረው ቆለኛ ይባል ብዬ ቆረጥኩ። በራሴም ኮራሁ። ተሾመ ሳይውል ሳያድር ደገኛውን ወሰደ፣ ሰይድ ቆለኛውን። ወይንሸት ድንክ ሆነች። ድንክ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ዓይነት ብቻ ስለሆነ በሰላም ይኖራል።

አንዲት ቃል ቀረች። ተጫዋቹ ከሁሉ በፊት የሚመርጠው ነገር፣ ኤልፍነቱ ወይም ድንክነቱ፣ በአማርኛ ምን ይባል? «ዝርያ» ልል ነበር፤ የእርባታ ዶሮ መሰለኝ። «ብሔር» ለማለት እጄ አልታዘዘልኝም። መዝገበ ቃላቱ «ዘር» ይላል። እኔም ዘር ብዬ ጻፍኩ። ምን ችግር አለው? በዙሪያችን ያለው የቀወት ገበሬ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያወራው ስለ ዘር አይደለም እንዴ? የማሾ ዘር፣ የማሽላ ዘር፣ የሽንኩርት ዘር። ቃሏ ሁለት ፊት እንዳላት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ በደህናው ፊቷ የምትታይልኝ መስሎኝ ነው።

እንግዲህ የሁለቱን ኤልፎች ልዩነት ንገረን ብትሉኝ አፍራለሁ። ሁለቱም ሹል ጆሮ፣ ሁለቱም ቀስተኛ፣ ሁለቱም በጨለማ ያያሉ። ቋንቋቸው አንድ፣ ዘፈናቸው አንድ፣ ምግባቸው አንድ። ከእነሱ ጋር ስትጓዝ የከረመችው ድንክ እንኳ ማን የቱ እንደሆነ ዛሬም ትጠይቃለች። መጽሐፉ ግን ይለያቸዋል። ደገኛው አንዲት አስማት ያውቃል፣ ቆለኛው ፈጠን ብሎ ይራመዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ መስመር አይሞላም።

ነገሩ የተበላሸው እኔ ሙቀት የጨመርኩ ጊዜ ነው። የፈረንጆቹ ተረት በበረዶና በጭጋግ የተሞላ ነው። ላባችንን እየጠረግን በረዶ ላይ ስንጓዝ ወይንሸት፣ ይሄ አገር ለምን አይሞቅም? ማን ያምነዋል? አለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ የሚጓዝ ሁሉ ጉልበት ይቀነስበት አልኩ። ቆለኛው ግን አገሩ ስለሆነ፣ ለምዶታልና አይቀነስበትም። አስተዋይ አጫዋች አይደለሁም?

ተሾመ የያዘውን ቆርኪ አስቀመጠ። ደገኛ ሆኖ መወለድ ወንጀል ነው ወይ ሲል ጠየቀኝ። ነገር ላብርድ ብዬ ለደገኛው አስማተኛ ጃንጥላ ሰጠሁት፤ ራሷ ተዘርግታ ከላዩ የምትሄድ። ወዲያው የሰይድ ፊት ተለወጠ። ለእኔስ? አለ። አንተማ ሙቀቱን ለምደኸዋል አልኩት። «ለመድነው ማለት አያቃጥለንም ማለት ነው እንዴ?» አለኝ። ምን ትሉታላችሁ? ለቆለኛው ውሃው የማያልቅ ኮዳ ሰጠሁት። ተሾመ ደግሞ ኮዳውን ሲያይ ውሃ ጠማው።

በዚህ ዓይነት ጥቂት እሑዶች አለፉ። ለአንዱ ስጨምር ሌላው ይቆጣል፣ ለሌላው ስጨምር አንዱ ያኮርፋል። አንዳንዴ ቤቴ ተኝቼ ሳስብ፣ ሹመት የሚያከፋፍሉ ሰዎች እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል እላለሁ። ጃንጥላው ለሁለቱም ሆነ። ኮዳው ለሁለቱም ሆነ። ደገኛው የቆለኛውን እርምጃ አገኘ፣ ቆለኛው የደገኛውን አስማት ተማረ። አንድ ቀን ደንቡን ሳየው ሁለቱ ኤልፎች ፍጹም አንድ ሆነዋል። እፎይ አልኩ። ሁለት ፍጡራን በሁሉ ነገር አንድ ከሆኑ በኋላ ምን ያጣላቸዋል?

ጆሮ።

መጀመሪያ ቀን ስተርክ የደገኛው ጆሮ ረዘም ይላል ብዬ ኖሯል። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፣ ወሬ ለማሳመር ነው። ሰይድ ግን አልረሳም። ረጅም ጆሮ ብዙ ይሰማል፣ ብዙ የሰማ ቀድሞ ያመልጣል፣ ስለዚህ ይህ ያልተነገረ ጥቅም ነው አለ። ተሾመ በበኩሉ ጆሮዬ የውበት ጉዳይ ነው አለ። ውበት ከሆነ ለእኔም ይርዘም አለ ሰይድ። ከረዘመላችሁማ ማን ደገኛ ማን ቆለኛ መሆኑ በምን ይታወቃል አለ ተሾመ። ወይንሸት በመሀል፣ ባይታወቅስ ብላ ጠየቀች፤ ማንም አልሰማትም። ደክሞኝ ነበር፣ ሙቀቱም ያው የእኛ ሙቀት ነው። በሉ የደገኛው ጆሮ ይጠርና እኩል ይሁኑ ብዬ ወሰንኩ።

ተሾመ ከወንበሩ ተነሳ። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ሲሰድበው እንኳ «ይቅርታ ጌታዬ» የሚል ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ግቢው እስኪያስተጋባ ድረስ፣ «የእኔ ዘር ጆሮው ሲቆረጥ ቁጭ ብዬ አላይም» አለ። ሰይድም አላነሰም። «የእኔ ዘር እስከ ዛሬ ሲበደል የት ነበርክ?» ሲል መለሰለት።

ግቢው ውስጥ እኛ ብቻ አልነበርንም። ጥግ ላይ ሻይ የያዘ አንድ መንገደኛ ነበር፤ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አጠገባችን የነበሩ ሁለት ሴቶች ወንበራቸውን ጎትተው ራቅ አሉ። መንገደኛው ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። እትዬ አስካለ ከማድቤት ብቅ ብለው፣ «ምንድን ነው ያላችሁት? እናንተ ልጆች፣ ምንድን ነው ያላችሁት?» አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ያኔ ነው የገባኝ። ቃሏ በክፉ ፊቷ ወጥታለች።

ብዙም አልቆየ፣ ሁለት ሚሊሻዎች ገቡ። የፊተኛውን አውቃቸዋለሁ፤ ጋሼ ደምሴ ይባላሉ፣ የማሾ ገበሬ ናቸው፣ ልጃቸውንም አስተምሬያለሁ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ጆሮው የተቆረጠው ሰው የት አለ?» አሉኝ።

ሰው አይደለም፣ ኤልፍ ነው አልኳቸው። ኤልፍ የሚባሉት ወዴት በኩል ናቸው ሲሉ ጠየቁ።

«የሉም ጋሼ።»

«ተፈናቅለው ነው?»

«አይ፣ መጀመሪያውኑም አልነበሩም።»

ጋሼ ደምሴ ረዘም አድርገው አዩኝ። «አልነበሩም የምትለው አንተ ነህ» አሉ። «እነሱን ጠይቀሃቸዋል?»

አሁን ሳወራው ያስቃል። ያኔ አላሳቀኝም። ባልንጀራቸው የጠመንጃውን ማንገቻ በእጁ ይዞ የእያንዳንዳችንን ፊት ያይ ነበር፤ ምናልባትም ጆሯችንን። ያዳነችን ወይንሸት ናት። ጣሳውን ከፍታ ቆርኪዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች፣ ጨዋታውን በአጭሩ አስረዳች፣ ዘር የተባለው የመምህሩ የትርጉም ስህተት ነው ብላ እኔን አሳልፋ ሰጠች። ጋሼ ደምሴ አንዱን ቆርኪ አንሥተው አገላብጠው አዩት። ሳቁ፤ ግን ሳቃቸው ፊታቸው ላይ አልቆየም። «መምህር፣ እኛ ይቺን ቃል ስንሰማ ሮጠን ነው የምንመጣው። እናንተ መጫወቻ አደረጋችኋት» አሉኝ። አጎነበስኩ።

ሚሊሻዎቹ ሲወጡ ወደ ጠረጴዛው ዞርኩ። ሰይድ የለም። እነሱ በበሩ ሲገቡ እሱ በማድቤቱ በኩል ወጥቶ ሄዷል። እትዬ አስካለ፣ በአጠገቤ ሲያልፍ እንኳ አላየኝም፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ነው የሄደው አሉን።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ሄጄ ጠየቅሁት። ሥራ በዛብኝ አለኝ። እሑድ ከሰዓት፣ አስፋልቱ ላይ ውሻ እንኳ በማይታይበት ሰዓት፣ ቻርጀር ማን ይገዛዋል? አልተከራከርኩትም። ፊቱ እንደ ድሮው ተዘግቷል። ሚስቱንም ገበያ ውስጥ አገኘኋት፤ ሰላም ብላኝ አለፈች፣ ስለ እሱ ምንም አላነሳችም። ከሁሉ የከፋኝ ይሄ ነው። አንድ ሰው የሚስቅበትን ብቸኛ ቦታ በአንዲት ቃል ነጠቅሁት።

ተሾመማ ጨርሶ ሰው አልሆን አለ። ሆቴሉ ውስጥ የክፍል ቁልፍ እያሳሳተ ይሰጣል። እኔ የጮህኩት ስለ ጆሮ ነው ይላል፤ እሱ የሰማው ሌላ ነው ይላል፤ ደግሞ ተመልሶ ስለ ጆሮ ነው የጮህኩት ይላል። ይቅርታ ለመጠየቅ ሄዶ ከቨር ገዝቶ ተመልሷል። መጨረሻ ላይ ለማንም ሳይነግር ወደ አበጋር ሄደ።

በይፋት በኩል ጠበኛ የሚያስታርቅ፣ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ አበጋር ይባላል። ለአበጋር ሥራ በዛብኝ አይባልም። ይጠራሃል፣ ትሄዳለህ። ሼህ ኑሩ እንዲህ ያሉ አበጋር ናቸው፤ ቀወት ገጠር ውስጥ እሳቸው ያላስታረቁት የወሰንና የከብት ጠብ ጥቂት ነው። ችግሩ ተሾመ ስለ ኤልፍ አልነገራቸውም። ኤልፍ ብዬ ብጀምር አይመጡም ብሎ ፈርቶ። ሁለት ወዳጆች ተቀያይመዋል፣ የጆሮ ነገር ነው ብቻ አላቸው። ሼህ ኑሩ ደግሞ የጆሮ ካሳ ስንት ወይፈን እንደሆነ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው።

እሑድ በባጃጅ መጡ። ነጭ ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ለሁላችንም እጅ እየሰጡ ሰላም አሉን። በሰላምታው መሀል የሁላችንንም ጆሮ አዩ። ሁሉም በየቦታው አለ። ትንሽ ግራ የገባቸው ይመስለኛል። ሰይድ ከማንጎው ወዲያ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። አበጋር ጠርቶት ስለመጣ እንጂ በራሱ ፈቃድ እንዳልመጣ አቀማመጡ ይናገራል። ሼህ ኑሩ ዱዓ አደረጉ። ተሾመ ከሁላችን ጮክ ብሎ አሚን አለ።

ከዚያ፣ «በል አስረዳኝ» አሉኝ። ዘንድሮ ኤልፍ የማላስረዳው ሰው ሊኖር አይችልም። ከዋሻው ጀምሬ እስከ ጃንጥላው ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ አዳመጡ። እኔ የጠበቅሁት ተነሥተው ሲሄዱ ነበር። እሳቸው ግን ሥራቸውን ነው የያዙት።

«ደገኛውና ቆለኛው ውሃ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ?»

«ሁለቱም ኮዳ አላቸው።»

«አንድ ገበያ ይውላሉ?»

«ይውላሉ።»

«ይጋባሉ?»

መጽሐፉ ስለዚህ የሚለው ነገር የለም አልኳቸው። ይህን የጻፈው ሰው ገበያ ወጥቶ አያውቅም አሉ። ቀጥለው፣ «አንተስ ከየትኞቹ ነህ?» አሉኝ። ከማንኛቸውም አይደለሁም፣ እኔ አጫዋች ነኝ፣ ለማን ምን እንደሚገባው የምወስነው እኔ ነኝ አልኩ። ሼህ ኑሩ ከዘራቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንግዲያ ጠቡ ያንተ ነው» አሉ።

ወይንሸት አጭር ሳቋን ሳቀች። እኔ የሽምግልናው ታዛቢ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ተከሳሽ ኖሬያለሁ። ከዚያ ሼህ ኑሩ ወደ ሰይድ ዞሩና ስለ ጆሮው ምን ይሻልሃል አሉት።

«አባባ፣ ጆሮው ጨዋታ ነው» አለ ሰይድ። «ጆሮው አላስቀየመኝም፤ እኔም እኩል ነው የጮህኩት። ያቺ ቃል ስትወጣ ግን አጠገባችን ያሉት ሰዎች ወንበራቸውን ሲያርቁ አየሁ። አጣዬም ሲጀምር እንዲህ ነበር። ጥይት አይደለም የቀደመው። ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ከሰው ወንበሩን አራቀ። እኔ ያኔ ምንም አይደለም ብዬ ተቀመጥኩ። ወላሂ፣ ሁለተኛ አልቀመጥም።»

እትዬ አስካለ በማድቤቱ በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ስለ አጣዬ አንድም ቀን ያልተናገረ ሰው ነው፣ አሁን ስለ ኤልፍ ሊታረቅ መጥቶ ነው የተናገረው።

ተሾመ ብድግ አለ። ወንበሩን አነሳ፣ በማንጎው ዞረ፣ ሰይድ አጠገብ፣ ክንድ ለክንድ እስኪነካኩ አስጠግቶ አስቀመጠና ተቀመጠ። በዚያ ሙቀት እንዲያ ተጠጋግቶ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም፣ በተለይ ለደብረ ሲና ልጅ። ሰይድ አየት አደረገው። አልተነሳም።

ሼህ ኑሩ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ» አሉ። ካሳ የለ፣ ወይፈን የለ። ትልቅ ምክር ስጠብቅ እሳቸው ጭማቂ ጠየቁ። ጭማቂው እስኪመጣ ቆርኪዎቹን ሲነካኩ ቆዩና፣ እዚህ ድረስ በባጃጅ ያመጣችሁኝ ነገር ምን እንደሆነማ ልየው፣ አንድ ጊዜ አጫውቱኝ አሉን። ሁላችንም ተሯሯጥን። መጀመሪያ መምረጥ ያስፈልጋል አልኳቸው። ምኑን እንደሚመርጡ ቃሉን ሳልጠራ በእጄ አየር ላይ አመለከትኩ።

«ሰው የለም?» አሉ።

አለ አባባ፣ ግን የሚመርጠው የለም አልኳቸው። ለምን አሉ። በደንቡ መሠረት ለሰው የሚጨመርለት ምንም የተለየ ነገር ስለሌለ አልኩ። አስማቱስ? የለውም። በጨለማስ ያያል? አያይም። ዕድሜውስ? አጭር ነው። ሼህ ኑሩ አሰብ አደረጉ።

«ታዲያ ለእሱ ማን ይከራከርለታል?» አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ይህን ነገር ወረቀት ላይ ልጽፈው ይገባል እያልኩ ሳለሁ እሳቸው ቀጠሉ። «ስለዚህ ለሰው አንድ ነገር ጨምርለት። ቢያንስ ሁለት ቆርኪ ያውጣና የተሻለውን ይምረጥ» አሉ። ደንቡ አይፈቅድም አልኳቸው። እንዴት አይፈቅድም አሉ። መጽሐፉ ላይ የለም አልኩ።

«ሼህ ልክ ናቸው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰይድ ነው።

«ልክ ናቸው እንጂ» አለ ተሾመ ከጎኑ። «ይሄ ግልጽ በደል ነው።»

«ለእኛም ቢሆን ዕጣ በአንድ ቆርኪ መሆኑ ድሮም አግባብ አልነበረም» አለ ሰይድ ወደ ጠረጴዛው እየተጠጋ።

«እኔም ልለው ነበር፣ ጆሮው አዘናግቶኝ ነው» አለ ተሾመ።

ደገኛውና ቆለኛው ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ ተናገሩ፤ በእኔ ላይ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይጨርሳል። እኔ ስንተባተብ፣ መጽሐፉን ስገልጥ፣ ላቤን ስጠርግ፣ ሰይድ ፊቴን አየና ሳቀ። ያ እንባ የሚያመጣው ሳቅ። ሼህ ኑሩ ሁለት ቆርኪ አውጥተው የተሻለውን መረጡ፤ ማንም አልከለከላቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ኤልፎች ተጣልተው አያውቁም። በየእሑዱ ክንድ ለክንድ ተጠጋግተው ይቀመጡና ከእኔ ጋር ይጣላሉ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ጃንጥላና ኮዳ ሳመጣጥን ከረምኩ። ሁለቱንም እኩል ብበድላቸው እንደሚበቃ ምነው አንድ ሰው ቀደም ብሎ በነገረኝ።